ነርቩ የተነካ ጥርስ ሁሉ አይሞትም

ሐኪሙ የተበላ ጥርስ ሲጠርግ ከጉድጓዱ ሥር የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀይ ነጥብ ብቅ ትላለች። «ነርቩ ተነክቷል» ከተባለ ወዲያ ለብዙ ሰው የሚታየው ምርጫ ነርቩን ማስወጣት ወይም ጥርሱን ማስነቀል ነው። ይህ ፍርድ የቸኮለ ነው፤ ለዚህም ማስረጃው ከተገኘ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። እ.ኤ.አ. በ1965 ካኬሃሺ፣ ስታንሊና ፊትዝጀራልድ የአይጦችን መንጋጋ ጥርስ እስከ ፐልፑ ድረስ፣ ማለትም ደም ሥርና ነርቭ እስከያዘው ለስላሳ ሥጋ ድረስ ሰርስረው ሳይሸፍኑ ተዉት። የተራዎቹ አይጦች ፐልፕ መግሎ ሞተ። ከጀርም ነፃ ሆነው ባደጉት ላይ ግን ምግብ እየተጠቀጠቀበት እንኳ ቀዳዳው በሳምንታት ውስጥ በአዲስ ዴንቲን ተደፈነ። ያለ አንዳች መድኃኒት! እንግዲያው ፐልፕን የሚገድለው መገለጡ ሳይሆን ተከትሎት የሚገባው ባክቴሪያ ነው።

ዴንቲን የሚሠሩት ኦዶንቶብላስት የተባሉ ሕዋሳት በፐልፑ ዙሪያ ተደርድረው ይኖራሉ። ከጉዳቱ ከተረፉ ራሳቸው ተጨማሪ ዴንቲን ያነጥፋሉ፤ ከሞቱ በፐልፑ ውስጥ ያሉ ስቴም ሴሎች ቦታቸውን ይተካሉ። እነዚህን የሚጠራቸው በዴንቲኑ ውስጥ ታሽገው የኖሩ የዕድገት ፕሮቲኖች ናቸው፤ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ወይም ኤምቲኤ የተባለው ሲሚንቶ ሲያርፍበት ይለቀቃሉ።

የተነካ ፐልፕን በእነዚህ ሸፍኖ ማትረፍን የሚቃወሙ ሐኪሞች የሚያነሡት ነጥብ ቀላል አይደለም። በካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ሥር የሚሠራው «ድልድይ»፣ ማለትም የተገለጠውን ቦታ የሚደፍነው ጠንካራ ሽፋን፣ ብዙ ጊዜ ቀዳዳ አለው፤ መድኃኒቱም እያደር ይሟሟል። ድልድዩም ከዴንቲን ይልቅ አጥንት የሚመስልበት ጊዜ አለ። እውነት ነው፤ ሆኖም ታካሚው የሚያስፈልገው ባክቴሪያ የማያስገባ ሽፋንና በሕይወት ያለ ፐልፕ እንጂ መልኩ ያማረ ዴንቲን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በካሊፎርኒያው ሎማ ሊንዳ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ኤምቲኤ ተመራጭ የሆነውም እርጥበት ባለበት ጠጥሮ ቀዳዳውን አጥብቆ ስለሚዘጋ ነው፤ ዋጋው ግን ዛሬም ይከብዳል። ሌላው ጥያቄ ፐልፑ ምን ያህል እንደታመመ በምን ይታወቃል የሚለው ነው። የሕመሙ ዓይነት ብቻውን ያሳስታል። ስለዚህ ሐኪሙ በሶዲየም ሃይፖክሎራይት የራሰ ጥጥ ቀዳዳው ላይ ይዞ ደሙን ይጠብቃል። በአምስት ደቂቃ ገደማ ከቆመ ይሸፍነዋል፤ እንቢ ካለ የታመመውን የላይኛውን ሥጋ ቆርጦ ከታች ያለውን ጤነኛውን ይሸፍናል። ይህም ሁሉ ሆኖ የማይድን ጥርስ አለ፤ ያኔ የነርቭ ሕክምናው አልቀረበትም። ሥሩ ተሠርቶ ያላለቀ የልጅ ቋሚ ጥርስ ግን ፐልፑ ከወጣ የሥሩ ዕድገት ይቆማል፤ ግድግዳው እንደ ሳሳ ይቀርና በቀላሉ ይሰበራል።