ላብ ካልተነነ፦ በሞቃት ወራት ሩጫ፣ ብስክሌትና የእግር ጉዞ

የሯጭ ጡንቻ ከምግብ ከሚያገኘው ኃይል ወደ እንቅስቃሴ የሚለውጠው ቢበዛ ሩቡን ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ክብደቱ 60 ኪሎ የሆነ ሰው በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር እየሮጠ 720 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ያቃጥላል። ከዚህ ውስጥ 570 ያህሉ በሙቀት መልክ ከሰውነቱ መውጣት አለበት። ሙቀቱ መውጫ ባያገኝ ኖሮ የሰውነቱ የውስጥ ሙቀት በሩብ ሰዓት ገደማ ከ37 ዲግሪ ወደ 40 ያሻቅብ ነበር። በሞቃት ወራት ደጅ ወጥቶ ስፖርት መሥራት ከሌላው ጊዜ የሚከብደው ርቀቱ ስለረዘመ ሳይሆን ይህ ሙቀት መሄጃ ስለሚያጣ ነው።

ደም ሙቀቱን ከጡንቻ ተሸክሞ ወደ ቆዳ ያመጣዋል። ከቆዳው ደግሞ ከፊሉ በጨረር ይወጣል፣ ከፊሉን የሚነፍሰው አየር ይወስደዋል። ይህ ግን የሚሠራው አየሩ ከቆዳው የቀዘቀዘ እስከሆነ ድረስ ነው። በሙቀት የሚንቀሳቀስ ሰው ቆዳ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ስለሚሆን አየሩ ከዚያ ሲያልፍ ነገሩ ይገለበጥና ሰውነት ከውጭ ሙቀት መቀበል ይጀምራል። ያን ጊዜ የሚቀረው ላብ ብቻ ነው። አንድ ሊትር ላብ ከቆዳ ላይ ሙሉ በሙሉ ሲተን 580 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይዞ ይሄዳል፤ የዚያን የ60 ኪሎ ሯጭ የአንድ ሰዓት ሙቀት ልክ ለማውጣት የሚበቃ ማለት ነው። የሸክላ እንስራ ውኃን የሚያቀዘቅዘው በዚሁ መንገድ ነው፤ በሸክላው በኩል የሰረገው ውኃ ከውጭ ሲተን የውስጡን ሙቀት ይወስዳል። ከአገጭ የሚንጠባጠብ ወይም ቶሎ ቶሎ በፎጣ የሚጠረግ ላብ ግን ውኃና ጨው ከማባከን በቀር ብዙም የሚፈይደው የለም።

ላብ የሚተነው አየሩ ተጨማሪ እንፋሎት የሚይዝበት ቦታ ሲኖረው ነው። ስለዚህ በረሃ ውስጥ 38 ዲግሪ ሆኖ አየሩ ደረቅ ከሆነ፣ ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው የ32 ዲግሪ ወበቅ ይልቅ ሊቻል ይችላል። ለዚህ ከዶሃው የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2019 የተካሄደው የሴቶች ማራቶን ፀሐይን ለማምለጥ ተብሎ እኩለ ሌሊት ላይ ተጀመረ። ፀሐይ አልነበረችም፤ ሙቀቱ ግን 32 ዲግሪ ገደማ፣ የአየሩ እርጥበትም ከ70 በመቶ በላይ ነበር። ከ68ቱ ተወዳዳሪዎች 28ቱ አቋርጠው ወጡ፤ ሦስቱም ኢትዮጵያውያን ካቋረጡት መካከል ነበሩ። ኬንያዊቷ ሩት ቼፕንጌቲች ያሸነፈችው በ2 ሰዓት ከ32 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ ሲሆን ይህም እሷ ራሷ በሌላ ጊዜ ከምትሮጥበት እጅግ የዘገየ ነው። ከሳምንት በኋላ አየሩ ቀለል ባለበት ሌሊት የወንዶቹ ማራቶን ተካሄደና ሌሊሳ ዴሲሳ በ2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ አንደኛ፣ ሞስነት ገረመው በ4 ሰከንድ ተቀድሞ ሁለተኛ ሆኑ። የዶሃው ሌሊት ያሳሰበው ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ የቶኪዮውን ኦሊምፒክ ማራቶን ወደ ሰሜኗ ሳፖሮ አዛወረው። እዚያም ቢሆን የሴቶቹ ውድድር በዋዜማው ማታ በተላለፈ ውሳኔ በአንድ ሰዓት ቀደም ብሎ እንዲጀመር ተደርጓል። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው ማራቶን አመሻሽ ላይ ተጀምሮ በችቦ ብርሃን የተጠናቀቀው የጳጉሜና የመስከረም ፀሐይ ሮምን ስለሚያቃጥል ነበር።

ሙቀትን፣ እርጥበትን፣ ነፋስንና ፀሐይን በአንድ ቁጥር ለማጠቃለል የተፈለሰፈው ዘዴ የመጣው ከጦር ሠራዊት ነው። በ1950ዎቹ በአሜሪካ የባሕር ኃይል እግረኞች ማሠልጠኛ በፓሪስ አይላንድ ምልምሎች በሙቀት እየወደቁ ስላስቸገሩ፣ ሦስት ቴርሞሜትሮችን አንድ ላይ የማንበብ ልማድ ተጀመረ። አንደኛው በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ነው፤ ላብ ምን ያህል ሊተን እንደሚችል የሚናገረው እሱ ነው። ሁለተኛው በጥቁር ክብ የመዳብ ኳስ ውስጥ ሆኖ ፀሐይ ላይ ይቀመጣል። ሦስተኛው ጥላ ሥር ያለው ተራ ቴርሞሜትር ነው። በመጨረሻው ስሌት የእርጥቡ ድርሻ 70 በመቶ፣ የጥቁሩ 20፣ ሁሉም ሰው የሚያየው የተራው ቴርሞሜትር ደግሞ 10 በመቶ ብቻ ነው። ዛሬ የውድድር አዘጋጆች ሩጫ ለሌላ ጊዜ ለማስተላለፍ ወይም ለመሰረዝ የሚመለከቱት ይህንኑ ቁጥር ነው።

ሙቀቱ ከመግደሉ በፊት ፍጥነት ይቀንሳል። አንድ ልብ የሚረጨው ደም ለሁለት ጌታ ይከፈላል፦ ጡንቻ ኦክስጅን ይጠይቃል፣ ቆዳ ደግሞ ሙቀት የሚያወጣበትን ደም ይፈልጋል። በዚያ ላይ ላብ የደሙን ፈሳሽ ይቀንሰዋል። ልብ በእያንዳንዱ ምት የሚረጨው ደም እያነሰ ሲሄድ ጉድለቱን የሚያካክሰው ቶሎ ቶሎ በመምታት ነው። በዚህ የተነሳ በቀዝቃዛ ቀን በደቂቃ 145 ምት የሚጠይቅ ሩጫ በወበቅ ከግማሽ ሰዓት በኋላ 160 ወይም ከዚያ በላይ ሊጠይቅ ይችላል፤ ፍጥነቱ ሳይለወጥ። በሞቃት ወራት የእጅ ሰዓት የሚያሳየውን የኪሎ ሜትር ደቂቃ ማሳደድ ትርጉም የሚያጣውም ለዚህ ነው። የልብ ምትን፣ ወይም እየሮጡ ዐረፍተ ነገር መጨረስ መቻልን መከተል ይሻላል።

ሰውነት ግን ሙቀትን ይለምዳል፤ ያውም በፍጥነት። በየቀኑ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል በሙቀት የሚንቀሳቀስ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት የደሙ ፈሳሽ መጠን ይጨምራል፣ የልብ ምቱም ይረጋጋል። ከሰባት እስከ አሥራ አራት ቀን ባለው ጊዜ ላቡ ቀደም ብሎ መምጣት ይጀምራል፣ ይበዛል፣ ጨዋማነቱም ይቀንሳል። ይህ ትርፍ ሙቀቱ ከቀረ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይጠፋል። በእንጦጦና በሱሉልታ ደጋ የሚሠለጥን አትሌት ኦክስጅን በሳሳበት አየር የጠነከረ ቢሆንም ሙቀትን የሚለማመድበት አጋጣሚ የለውም። በሐምሌ የአዲስ አበባ የቀን ሙቀት ከ21 ዲግሪ ብዙም አያልፍም፤ በዚያው ወር ዋሽንግተን ዲሲ ከ30 በላይ ሆና ወበቋ ሌሊትም አይለቅም። ከአዲስ አበባ በሐምሌ ተነስቶ ዋሽንግተን የደረሰ ሰው በማግሥቱ የለመደውን ፍጥነት ቢሞክር፣ ዝግጁ ባልሆነ ላብ ነው የሚሮጠው። የመጀመሪያውን ሳምንት በግማሽ ርቀትና በእርጋታ ማሳለፍ ምንም አያሳፍርም።

ስለ ውኃ መጠጣት የሚሰጠው ምክር በአንድ ትውልድ ውስጥ ተገላብጧል። ከክብደት ሁለት በመቶ በላይ የሚሆን ውኃ ማጣት አቅምን እንደሚያዳክም በደንብ ይታወቃል፤ ለ60 ኪሎ ሰው ይህ 1.2 ሊትር ነው። ከዚህ ተነስቶ ሯጮች ባይጠማቸውም እንዲጠጡ ለዓመታት ሲመከሩ ቆዩ። ሆኖም በ2002 የቦስተን ማራቶን ከጨረሱ 488 ሯጮች በተወሰደ ደም 13 በመቶዎቹ የሶዲየም መጠናቸው ከጤናማው በታች ሆኖ ተገኘ። ዋናው ምልክት በሩጫው ወቅት ክብደት መጨመራቸው ነበር፦ ላብ ካወጡት በላይ ጠጥተዋል። ደም በውኃ ሲቀጥን አንጎል ያብጣል፣ ሲከፋም ይገድላል። ስለዚህ ለአብዛኛው ሰው ጥማትን መከተል በቂ ነው። በትክክል ማወቅ የሚፈልግ ከሩጫ በፊትና በኋላ ልብሱን አውልቆ ይመዘን፤ የጎደለው አንድ ኪሎ የወጣ አንድ ሊትር ላብ ነው። ሩጫው ከአንድ ሰዓት ካለፈ ትንሽ ጨውና ስኳር ያለበት መጠጥ ከውኃ ብቻ ይሻላል። ጾም የሚጾሙ ሰዎች የራሳቸው ስሌት አላቸው። ፍልሰታ በነሐሴ ስለሚውል አሜሪካና አውሮፓ የሚኖር ምዕመን የሚጾመው በሞቃቱ ወር ነው፤ በጠዋት ላብ አውጥቶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳይቀምስ ከመቆየት፣ ጾም ከተፈታ በኋላ አመሻሽ ላይ መሮጥ ለሰውነት ይቀላል። ረመዳንም በሞቃት ወራት ሲውል ከአፍጥር በኋላ ያለው ሰዓት ይመረጣል።

ለጤነኛ ሰው ከሁሉም ምክር ርካሹ ሰዓት መምረጥ ነው። ማለዳ ላይ የአየሩ እርጥበት በመቶኛ ሲታይ ከፍተኛ ቢሆንም ሙቀቱ ዝቅተኛ ነው፣ ፀሐይም ገና ኃይል የላትም። አመሻሽ ላይ ፀሐይ ብትጠልቅም አስፋልትና ግንብ ቀን የዋጡትን ሙቀት ገና እየተፉ ነው። በከተማ ሌላም ምክንያት አለ፦ የመኪና ጭስ በፀሐይ ብርሃን ሲበሰል ኦዞን የሚባል ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ይፈጠራል፤ ከሰዓት በኋላ ጣሪያ ይነካል፣ ማለዳ ላይ ይወርዳል። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ነገሩን በሕግ አስረውታል። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ ባለው ጊዜ፣ በእኛ ሰዓት ከቀኑ 6፡30 እስከ 9፡00 ሰዓት ፀሐይ ላይ መሥራት ክልክል ነው። ቀን ለሠራተኛ የተከለከለ ፀሐይ ለመዝናኛ ሩጫም አይሆንም።

ብስክሌት በዚህ ሁሉ ውስጥ የተለየ ጥቅም አለው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው ራሱ ነፋስ ይፈጥራል፤ ላቡ ሳይታይ ይተናል፣ ቆዳው ደረቅ ይመስላል። አታላይነቱም እዚህ ላይ ነው። ብዙ ፈሳሽ እየጠፋ መሆኑን ነጂው የሚያውቀው መብራት ይዞት ሲቆም ላቡ ድንገት ሲፈስ ነው። ዳገት ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፦ ፍጥነቱ ወደ 10 ኪሎ ሜትር ይወርዳል፣ ነፋሱ ይጠፋል፣ ጡንቻው ግን ከሜዳው በላይ ይሠራል። በ1967 የቱር ደ ፍራንስ ውድድር እንግሊዛዊው ቶም ሲምፕሰን ሞን ቫንቱ በተባለው ዛፍ የለሽ ተራራ ዳገት ላይ ወድቆ የሞተው በእንዲህ ያለ ሐሩር ነበር፤ አነቃቂ መድኃኒት መውሰዱም ሙቀቱ የሚሰጠውን ማስጠንቀቂያ አፍኖበታል። ስለዚህ ረጅም ዳገት ያለበትን መንገድ ማለዳ ላይ ማድረግ፣ ሁለት ኮዳ መያዝና አንዱን ጭንቅላትና አንገት ላይ ለማፍሰስ ማስቀረት ይበጃል። ቆዳ ላይ የፈሰሰ ውኃም እንደ ላብ ይተናል።

በእግር ጉዞ ላይ ሰው የሚያመነጨው ሙቀት ከሩጫ ያነሰ ነው፤ አደጋው ጊዜው መርዘሙ ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል፣ የሚያቃጥለው አልትራቫዮሌት ጨረር ግን 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ቆዳው ሲቀዘቅዘው ፀሐይዋን የሚረሳ ሰው መቃጠሉን የሚያውቀው ማታ ላይ ነው። ጥቁር ቆዳም ዘግይቶ ይቃጠል እንጂ አይተርፍም፤ ዓይንም ጥበቃ ያስፈልገዋል። ከሁሉ የሚያሳስተው በአሪዞና የሚገኘው የግራንድ ካንየን ዓይነት መንገድ ነው። ተራራ ላይ ከባዱ መጀመሪያ ይመጣል፣ የደከመው ይመለሳል። ገደል ውስጥ ግን መውረዱ ቀላል ነው፤ ከታች ወንዙ ዳር ሙቀቱ ከላይኛው አፋፍ በ11 ዲግሪ ያህል ይበልጣል፣ ዳገቱም የሚጀምረው ሰውየው ከደከመና ቀኑ ከነደደ በኋላ ነው። የፓርኩ ጠባቂዎች በሞቃት ወራት ከረፋዱ አራት እስከ አሥር ሰዓት ማንም ዳገት እንዳይወጣ ይመክራሉ። በእስራኤል ከሙት ባሕር በላይ ያለውን ማሳዳን የሚወጡ ሰዎች ገና ሳይነጋ ይነሳሉ፤ የእባብ መንገድ የሚባለው ጥርጊያም ሐሩሩ ሲበረታ ይዘጋል። በአፋር ምድር፣ የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ በላይ ተመዝግቦባት ከነበረችው ዳሎል ብዙም ሳይርቅ፣ ወደ ኤርታ አሌ እሳተ ገሞራ የሚወስደው የእግር ጉዞ በሌሊት ይደረግ የነበረውም ለዚሁ ነው።

ሙቀት ሲያሸንፍ በሽታው ደረጃ አለው። የጡንቻ መኮማተር፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ጥላና ውኃ ይበቃቸዋል። የውስጥ ሙቀት ከ40 ዲግሪ አልፎ ሰውየው ሲቀባዥር፣ ሲንገዳገድ ወይም ያለ ምክንያት ሲቆጣ ግን የሙቀት ምት ነው፤ ላቡ ቢፈስም ምርመራው አይለወጥም። ይህ የሚመታው የረጅም ርቀት ሯጭን ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት ነሐሴ ላይ የሚካሄደው የፋልማውዝ ጎዳና ሩጫ 11.3 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ሆኖም በ18 ዓመት ውስጥ 274 ሰዎች በሙቀት ምት ወድቀውበታል፣ አጭር በመሆኑ ሁሉም በሙሉ ኃይሉ ይሮጣልና። ሁሉም ተርፈዋል። ያተረፋቸው እስከ አንገታቸው በረዶ ያለበት ውኃ ውስጥ እዚያው ሜዳ ላይ መነከራቸው ነው። ሕጉ ቀድሞ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ ወደ ሆስፒታል መውሰድ ነው፤ ገንዳ ከሌለ ቱቦ ውኃ፣ እርጥብ ፎጣና ማራገቢያ ይሠራሉ። የተረፈው ሰው ቢያንስ ለሰባት ቀን ስፖርት አይሠራም። ከዚያም በቀዝቃዛ ሰዓት ቀስ ብሎ ይጀምርና ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ፣ በሐኪም ክትትል፣ ወደ ሙቀቱ ይመለሳል።