መልስ ያልተሰጠበት ዜና

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 ስለ ፕሬስ ነጻነት ሲደነግግ ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን አስቀምጧል። አንዱ የቅድሚያ ምርመራ በማንኛውም መልኩ የተከለከለ መሆኑ ነው፤ ሌላው የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ የማግኘት ዕድል ነው። ስለ መጀመሪያው ብዙ ተጽፏል። እኔ ግን በጋዜጣ አርታኢነቴ በየሳምንቱ የምታገለው ከሁለተኛው ጋር ነው።

የቅድሚያ ምርመራን ጉዳት ማሳነሴ አይደለም። ደራሲው በዓሉ ግርማ በ1975 «ኦሮማይ» የተባለውን ልብ ወለዱን ሲያሳትም ራሱ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ነበር። መጽሐፉ ከገበያ ተለቀመ፤ እሱም ከሥራው ተባረረ፤ በ1976 እንደ ወጣ አልተመለሰም። በ1985 የፕሬስ አዋጅ ሲወጣ ምርመራው ቀረ ተባለ። ነገር ግን የወንጀል ሕጋችን በኅትመት ለሚፈጸም ወንጀል ተጠያቂነቱን ከዋና አዘጋጁ አንሥቶ እስከ አታሚውና አሰራጩ ያወርደዋል። እጠየቃለሁ ብሎ የሚሰጋ አታሚ ደግሞ ከማተሙ በፊት ማንበብ ይጀምራል። በ2004 ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ድርጅት ለጋዜጦች ባቀረበው ውል፣ ሕግ ይጥሳል ብሎ ያመነበትን ጽሑፍ ያለማተም መብት ጠይቆ ነበር። በዚያው ዓመት ሐምሌ ውስጥ የ«ፍትሕ» ጋዜጣ አንድ እትም እንዳይሰራጭ ታገደ፤ ስለ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ጤንነት የሚያወሳ ዘገባ ይዞ ነበር። ሕዝቡ የመሪውን ሁኔታ ከመንግሥት በግልጽ ሊሰማ አልቻለም፤ የጠየቀው ጋዜጣም ተያዘ። አቶ መለስ በነሐሴ አረፉ። የአንቀጽ 29 ሁለቱ መብቶች አብረው ሲወድቁ እንዲህ ነው የሚሆነው።

ዛሬ በእኔ ጠረጴዛ ላይ የሚሆነው ከዚያ ይልቅ ድምፅ የለውም። ሪፖርተር ዜና ሲያመጣልኝ አስቀድሜ የምጠይቀው «የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ምን አለ?» ብዬ ነው። የሙያው ግዴታ ነው፤ ስሙ የተነሣ ሁሉ ሊሰማ ይገባል፤ በዚህ አልደራደርም። ችግሩ መሥሪያ ቤቶችም ይህን ግዴታችንን በደንብ ማወቃቸው ነው።

አንዲት ወጣት ሪፖርተራችን ለወራት የቧንቧ ውኃ ስላላገኘ ሰፈር ጽፋ መጣች። ነዋሪዎቹን አነጋግራለች፤ ለጥገናው የተገባውን ውል አይታለች፤ እናቶች በሌሊት ጀሪካን ተሸክመው የሚሄዱበትን መንገድ አብራቸው ሄዳለች። የቀራት የሚመለከተው የውኃ መሥሪያ ቤት መልስ ብቻ ነው። የኮሙኒኬሽን ኃላፊው መጀመሪያ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ቀጥሎ ጥያቄዎቹን በጽሑፍ አምጪ አሏት፤ ወሰደች። ቀጥሎ ደብዳቤው በጋዜጣው ማኅተም ይሁን ተባለ፤ ማኅተም ተደረገበት። ከዚያ የበላይ ኃላፊው እስኪመሩበት ጠብቂ ሆነ። የእኛ ገጽ ሐሙስ ማታ ይዘጋል። ዜናው ለቀጣዩ ሳምንት ተላለፈ፤ ከዚያም እንደገና። ማንም «አታውጡ» አላለንም። ያሳደርነው እኛው ነን፤ ሚዛናዊ ለመሆን ብለን።

እኔን የሚያሳስበኝ ከዜናው መዘግየት በላይ ሪፖርተሯ የምትማረው ነገር ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ የደረሰባት ጋዜጠኛ በሚቀጥለው ጊዜ መልስ የማይሰጥ መሥሪያ ቤትን የሚነካ ርእስ ይዛ አትመጣም። ስለ ስብሰባ፣ ስለ ምረቃ፣ ስለ ስምምነት ፊርማ ትጽፋለች፤ እዚያ መልስ የሚሰጥ ሰው አይጠፋምና። በርዕሰ ጉዳይ መረጣ ስብሰባችን ላይ ያልተነሣውን ርእስ ማንም መዝግቦ አይቆጥረውም።

ሕግ የለም ማለት አይቻልም። በ2000 የወጣው የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590 መሥሪያ ቤቶች መረጃ ለጠየቀ ሰው እንዲመልሱ ያዛል፤ እስከ 30 ቀን ጊዜም ይሰጣቸዋል፤ አቤቱታው የሚሄደው ወደ እንባ ጠባቂ ተቋም ነው። 30 ቀን ለተመራማሪ ይበቃ ይሆናል። በየሳምንቱ ለሚወጣ ጋዜጣ ግን አራት እትም ነው፤ ውኃ ለሚጠብቅ ሰፈር ደግሞ ከዚያም ይረዝማል።

በኮሙኒኬሽን ክፍሎች ሥራቸውን የሚወዱ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ። ማታ ደውለው፣ ሰነዱን ራሳቸው ፈልገው፣ ስሕተታችንን አርመው የሚመልሱልን አሉ። ብዙዎቹ ዝም የሚሉት ከክፋት ሳይሆን አለቃቸውን ፈርተው ነው። ስለዚህ፣ መረጃ በመስጠቱ የሚቀጣ ሠራተኛ ካለ፣ ጉዳዩ ከጋዜጠኛ መብት ባልተናነሰ ሊያስጮኸን ይገባል።

በዴስካችን ከብዙ ክርክር በኋላ አንድ አሠራር ይዘናል። ጥያቄያችንን በደብዳቤ እናስገባለን፤ ገቢ የሆነበትን ቀንና የመዝገብ ቁጥር እንይዛለን፤ ተገቢውን ጊዜ እንጠብቃለን። መልስ ካልመጣ ዜናው ይወጣል፤ የጠየቅናቸው ጥያቄዎች ሳይቆራረጡ፣ ደብዳቤው ከገባበት ቀን ጋር አብረው ይታተማሉ። ከባልደረቦቼ መካከል ይህ ያስከስሰናል ብለው የሚሰጉ አሉ፤ ስጋታቸው ከባዶ የተነሣ አይደለም፤ የሕግ አማካሪያችንም እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር አብሮን ያያል። የውኃው ዜና በዚህ መልክ ወጥቷል። የመሥሪያ ቤቱ መልስ በደረሰ ጊዜ በዚያው ገጽ፣ በዚያው ስፋት ይወጣል።