የላይኛው ፎቅ ሙቀትና መፍትሔው



ከመርካዝ ክሊታ ወጥተው ቋሚ ቤት ከሚገቡ ቤተሰቦቻችን ብዙዎቹ የሚኖሩት በ1950ዎቹ፣ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ዓመታት በተሠሩ የሽኩን ሕንፃዎች ውስጥ ነው። አሳንሰር በሌለው ሕንፃ ደግሞ የመጨረሻው ፎቅ ዋጋው ዝቅ ስለሚል፣ በማሽካንታ የሚገዛ ቤተሰብ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። በክረምት ለታየው ሰው ቤቱ ደህና ነው። ብርሃን አለው፤ ከራስ በላይ የሚረግጥ ጎረቤትም የለበትም።

ፋሲካ አልፎ ሻራቩ ሲጀምር ነገሩ ይለወጣል። ማታ ልጆቹ በላብ ተጠምቀው ይገላበጣሉ፤ በማግስቱ ትምህርት ቤት እንቅልፋቸው ይመጣል። አባት ፍራሹን ይዞ ወደ ሚርፔሴት ይወጣል። አያት ደግሞ «አገሩ እንዲህ ነው፣ ምን ይደረጋል» ብለው ዝም ይላሉ። በማኅበራዊ ሠራተኝነቴ ከቤት ወደ ቤት ስሄድ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመኝ ይህ ዝምታ ነው። ነገር ግን በዚያው ሕንፃ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብላችሁ ብትገቡ ቤቱ ቀዝቀዝ ያለ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ ጥፋቱ የአገሩ ብቻ አይደለም፤ የጣሪያውም ነው። የጣሪያ ጥፋት ደግሞ ይታረማል።

ሙቀቱ የሚመጣው ከየት ነው?

በጎንደር ገጠር የሣር ክዳን ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። በቀትር ፀሐይ ከውጭ ወደ ጎጆ ሲገባ ቀዝቃዛ አየር ይቀበለዋል። ወፍራሙ ሣር በውስጡ ብዙ አየር ስለሚይዝ ሙቀቱን አያሳልፍም። ጎረቤት ቆርቆሮ ያለበሰ እንደሆነ ግን፣ ቤቱ ያምራል እንጂ ቀትር ላይ አያስቀምጥም። የአሮጌው ሽኩን ጣሪያ ከሣሩ ይልቅ ወደ ቆርቆሮው ይጠጋል። ጠፍጣፋ ቤቶን ነው፤ በላዩም ዝናብ እንዳያስገባ ጥቁር ዜፌት ወይም የቢቱሜን ምንጣፍ ተለጥፎበታል። ጥቁር ነገር ፀሐይ ይስባል። በበጋ ቀትር የዚህ ጥቁር ጣሪያ ግለት ከ65 ዲግሪ በላይ ሊደርስ ይችላል።

ቤቶን ከቆርቆሮ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። ሙቀቱን ወዲያው አያስገባም፤ ቀኑን ሙሉ ይጠጣና ከጥቂት ሰዓት በኋላ ወደ ክፍሉ ይለቀዋል። ፀሐይ ጠልቃ ውጪው ነፋሻ ሲሆን ኮርኒሱ ገና እንደ ምጣድ የሚግለው በዚህ ምክንያት ነው። ማዝጋን ቢገባም ሌሊቱን ከዚህ ግለት ጋር ሲታገል ያድራል፤ ወጪው በመብራት ሒሳብ ላይ ይታያል።

በ1980ዎቹ ዓመታት አዲስ መኖሪያ ቤት ሙቀት መከላከያ እንዲኖረው የሚያዝዝ ደንብ ወጣ፤ ቴኬን 1045 የሚባለው ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ሽኩኖች አብዛኞቹ ይህ የላቸውም።

ሁለት ቃላት እንለይ፦ ኢጡምና ቢዱድ

ብዙ ቤተሰቦች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ኢጡም ማለት ውሃ እንዳይገባ መድፈን ነው። ቢዱድ ማለት ሙቀትና ብርድ እንዳያልፍ መከላከል ነው። ካብላን መጥቶ «ጣሪያውን አደስኩላችሁ» ቢል፣ ያደረገው ኢጡም ብቻ ሊሆን ይችላል፤ እንዲያውም አዲስ ጥቁር ምንጣፍ ዘርግቶ ሄዶ ይሆናል። ዝናቡ ይቆማል፣ ሙቀቱ ግን እንዳለ ነው። ስለዚህ ሥራው ኢጡም ነው ወይስ ቢዱድ፣ ወይስ ሁለቱም? ብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ቀላሉ ሥራ፦ ጣሪያውን ነጭ ማድረግ

ከሁሉ የሚረክሰው መንገድ ጣሪያውን ነጭ ቀለም መቀባት ነው። ነጭ ጣሪያ የፀሐይዋን ብርሃን አብዛኛውን ወደ ሰማይ ይመልሰዋል። ሲድ ማለትም ኖራ መቀባት በዚህ አገር የቆየ ልማድ ነው፤ ዋጋው ዝቅተኛ ቢሆንም ዝናብ ስለሚያጥበው በየዓመቱ መድገም ያስፈልጋል። ለጣሪያ የሚሠራው ነጭ አክሪሊክ ቀለም ደግሞ ከሲድ ይወደዳል፣ ግን ጥቂት ዓመታት ይቆያል። ጊዜው ዝናቡ ካቆመና ጣሪያው ከደረቀ በኋላ፣ ትልቁ ሙቀት ሳይገባ ነው። አቧራው መጀመሪያ ይጠረግ። ስንጥቅ ካለም ይደፈን። አቧራ የለበሰ ነጭ ጣሪያ ግማሽ ጥቁር ስለሆነ፣ በየበጋው መጀመሪያ መታጠቡ ይጠቅማል።

እውነተኛው ቢዱድ

ዘላቂው መፍትሔ የመከላከያ ሽፋን ነው። ለጠፍጣፋ ጣሪያ ብዙ ጊዜ የሚያገለግለው ጠንካራ የፖሊስቲሪን ሰሌዳ ነው። ሙቀትን በማሳለፍ ረገድ ቤቶን ከፖሊስቲሪን ወደ 50 እጥፍ ይበልጣል። በሌላ አነጋገር፣ 3 ሴንቲ ሜትር ፖሊስቲሪን የሚከላከለውን ያህል ለመከላከል አንድ ሜትር ተኩል ውፍረት ያለው ቤቶን ያስፈልግ ነበር። ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ሰሌዳ ብዙ ሥራ የሚሠራው ለዚህ ነው። ሰሌዳው ከላይ፣ በውጭ በኩል ቢሆን ይመረጣል፤ ፀሐይዋ ቤቶኑ ሳይግል ትመለሳለች። ጣሪያው የሚያፈስ ከሆነ ግን መጀመሪያ ኢጡሙ ይጠገን። ብዙው ዓይነት መከላከያ ውሃ ከጠጣ አይከላከልም።

ቀይ ጡብ ክዳን ባላቸው አሮጌ ትንንሽ ቤቶች ለሚኖሩ ሥራው ይቀላል። በክዳኑና በኮርኒሱ መካከል ባዶ ቦታ አለ። እዚያ ውስጥ ጼሜር ስላዒም የሚባለውን፣ ከድንጋይ የተሠራ ጥጥ መሰል ነገር፣ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል አወፍሮ ማንጠፍ ይቻላል። የሚያነጥፈው ሰው አፍና አፍንጫውን ይሸፍን፣ ጓንትም ያድርግ። አየር የሚገባበትን ቀዳዳ መድፈን፣ በአሮጌ የኤሌክትሪክ ሽቦ ላይም ማልበስ አይገባም፤ ሽቦውን አስቀድሞ ባለሙያ ይየው።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለ። አንደኛ፣ ካልካር የሚባለውን ነጭ ፎም ከውስጥ ኮርኒሱ ላይ ለጥፎ እንዲሁ መተው አደገኛ ነው። እሳት ከነካው ቶሎ ይነዳል፤ ጭሱም መርዝ ነው። ከውስጥ መሥራት ግድ ከሆነ በጌቬስ ሰሌዳ ይሸፈን። ሁለተኛ፣ የጓሮ መጋዘን ወይም የአሮጌ ቤት ጣሪያ ሞገድ ያለው ግራጫ አስቤስት ከሆነ አትብሱት፣ አትስበሩት፣ አትፈግፍጉት። ብናኙ ለሳንባ ነቀርሳ ይዳርጋል። በ2011 ስለ አስቤስት ሕግ ወጥቷል፤ ማንሳቱን ፈቃድ ላለው ሰው ተዉለት።

ወጪውን ማን ይክፈል?

በጋራ ሕንፃ ጣሪያው ብዙ ጊዜ የሁሉም ንብረት ነው። በ1969 የመሬት ሕግ መሠረት የጋራ ንብረትን በደህና ለመያዝ የሚወጣውን ወጪ ባለቤቶቹ ሁሉ እንደ ድርሻቸው ይካፈላሉ። ጣሪያው ቢያፈስ የመጀመሪያው ፎቅ ነዋሪም ይከፍላል ማለት ነው። ቢዱድ ግን ጎረቤት «ይህ ጭማሪ ነው፣ የሚጠቅመው እናንተን ነው» ሊል ይችላል። ስለዚህ በስምምነት መሄድ ይሻላል። ኢጡሙ መታደስ ሲኖርበት ቢዱዱን አብሮ ማሠራት፣ የኢጡሙን ወጪ ሁሉም ከፍሎ የቢዱዱን ልዩነት የላይኛው ፎቅ ሰው ቢሸፍን፣ ብዙ ጊዜ ያስማማል። ለጎረቤቶቻችሁም አንድ እውነት ንገሯቸው፦ ከፀሐይ የተጠበቀ ቤቶን ሲሰፋና ሲኮማተር አይኖርም፤ ስለዚህ ስንጥቁ ያንሳል፣ ኢጡሙም ዕድሜ ያገኛል።

ወደ ቫአድ ባይት ስብሰባ ስትሄዱ የ10 ዓመት ልጅ አስተርጓሚ አድርጋችሁ አትውሰዱ። ልጁ አባቱ ሲከራከርና ሲመለስ እያየ ይጨነቃል፣ አባትም በልጁ ፊት ያፍራል። ዕብራይስጥ የሚችል ዘመድ ወይም የምታከብሩት ሽማግሌ ይቅረብ። የሽምግልና ልማዳችን እዚህም ያገለግላል። ነገሩ በስምምነት ካልተቋጨ፣ በጋራ ቤት ነዋሪዎች መካከል ያለን ክርክር የሚዳኝ የመሬት ምዝገባ ተቆጣጣሪ አለ፤ በዕብራይስጥ ሜፋኬሐ ይባላል። እንደ አሚዳር ባሉ የሕዝብ ቤቶች የምትኖሩ ግን ምንም ከመሥራታችሁ በፊት ለድርጅቱ በጽሑፍ አመልክቱ፤ የደብዳቤውንም ቅጂ ያዙ።

ከካብላን ጋር ስትዋዋሉ ዋጋው፣ የሰሌዳው ዓይነትና ውፍረት፣ የሚጨርስበት ቀንና የአኽራዩት ዘመኑ በጽሑፍ ይቀመጥ። የዱድ ሼሜሹን ቦይለር ማን አንሥቶ ማን እንደሚመልሰውም ይጻፍ። በካብላኖች መዝገብ መመዝገቡን ጠይቁ። ሙሉውን ገንዘብ አስቀድማችሁ አትስጡ፤ የመጨረሻው ክፍያ ጣሪያውን ወጥታችሁ ካያችሁ በኋላ ይሁን።

እስኪሠራ ድረስ

ያለ ገንዘብ የሚደረግም አለ። ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ መስኮቱንና ትሪሱን ዝጉ፤ በመጀመሪያ የምሥራቁን፣ ከሰዓት በኋላ የምዕራቡን። ማታ ውጪው ከቤቱ ሲቀዘቅዝ ፊት ለፊት ያሉ መስኮቶችን ከፍታችሁ አየሩን አሳልፉት። ይህ በቤር ሼቫና በኢየሩሳሌም ሌሊቱ ስለሚበርድ በጣም ይረዳል። በኔታንያና በአሽዶድ ግን ወበቁ ሌሊትም አይለቅም፤ እዚያ የጣሪያው ሥራ የበለጠ ያስቸኩላል።

እንጀራ በቀትር አትጋግሩ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይወስዳል፤ ሁሉም ሙቀት ሆኖ ቤት ውስጥ ይቀራል። ለአንድ ክፍል የሚሆን ትንሽ ማዝጋን የሚያወጣው ሙቀት 2,500 ዋት ያህል ነው። ምጣዱ ማዝጋኑን ያሸንፈዋል። በማለዳ ጋግሩ። በተዘጋ ቤት ለቡና ከሰል ማቀጣጠል ደግሞ ከሙቀቱም ይከፋል፤ ሽታ የሌለው ጋዙ ይገድላል።

አረጋውያን ወላጆቻችን «ነፋስ ይመታኛል» ብለው ሌሊት መስኮት ያዘጋሉ። አትከራከሯቸው፤ አልጋቸውን ከነፋሱ መንገድ ዘወር አድርጋችሁ መስኮቱን ክፈቱ። ውሃ እስኪጠማቸው አይጠበቅ። የልብ፣ የኩላሊት ወይም የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ስለ ውሃው መጠን ሐኪም ይጠየቅ። ማራገቢያ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ክፍሉ ከ35 ዲግሪ በላይ ሲግል ትኩስ አየር ከማዞር አያልፍም፤ ያን ጊዜ ማዝጋን ወዳለበት ዘመድ ወይም ክበብ ውሰዷቸው።

ሰውነቱ የሚያቃጥል፣ ንግግሩ የተምታታ ወይም ራሱን የሳተ ሰው ካያችሁ «ምች ነው» ብላችሁ ዳማከሴ አትፈልጉ። ወዲያው በ101 ወደ ማጌን ዳቪድ አዶም ደውሉ። እስኪደርሱ ድረስ በጥላ አስተኙት፣ ልብሱን አላሉ፣ በውሃ አርጥቡት፣ አራግቡለት። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ውሃ አታፍስሱ።

ለመግዛት ገና በማየት ላይ ያላችሁ ደግሞ፣ የላይኛውን ፎቅ ቤት ከሰዓት በኋላና ማታ ሄዳችሁ እዩት። እጃችሁን ወደ ኮርኒሱ ዘርጉ። ጣሪያው መቼ እንደታደሰ፣ ቢዱድ እንዳለው፣ ቫአድ ባይቱም ገንዘብ እንዳለው ጠይቁ። ዋጋው የረከሰበትን ልዩነት ከፊሉን ለጣሪያው መድቡ። ቤቱ ለ30 ዓመት የምትከፍሉበት ነው፤ በየበጋውም ልጆቻችሁ የሚተኙበት እሱ ውስጥ ነው።