ስለ ወንጪ ሐይቅ መናፈሻና ከበላዩ ስላለው የተዳፋት ዕርሻ

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፥ በአምቦና በወሊሶ መካከል ባለው ደጋ፥ ወንጪ የሚባል ተራራ ይገኛል። ተራራው በጥንት ዘመን እሳት ይተፋ የነበረ ሲሆን፥ እሳቱ ከጠፋ በኋላ ራሱ ጐድጕዶ ስለ ቀረ ውሃ ሞላበትና ሐይቅ ሆነ። የአፋፉ ከፍታ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። ከዚያ ላይ ቆሞ ቍልቍል ለሚመለከት ሰው፥ ሐይቁ በገደልና በዕርሻ ተከቦ በጻሕል ላይ እንዳለ ውሃ ሆኖ ይታየዋል።

ወደዚህ ስፍራ ለመናፈስ የሚመጣ ሰው ከአፋፉ በእግሩ ወይም በፈረስ ይወርዳል፤ ይህ የቈየ ልማድ ነው። ከዚያ በታንኳ ተሳፍሮ የወንጪ ቂርቆስ ገዳም ወዳለበት ደሴት ይሻገራል፤ ከማዶም በእንሰት ጓሮዎች መካከል አልፎ ፍል ውሃ ወዳለበት ሸለቆ ይዘልቃል። ፍል ውሃውን የሚሻው ሽርሽር ያማረው ብቻ አይደለም፤ ለሕመሙ ፈውስ የሚፈልግ ባላገርም ይመጣበታል። ሌሊቱ በበጋም ቢሆን ብርቱ ቅዝቃዜ አለው፤ ቀን በፀሓዩ ተታሎ ጋቢ ሳይዝ የመጣ የከተማ ሰው ሲመሽ ይጸጸታል።

ፈረሶቹ የባላገሩ ናቸው። በሌላው ደጋ ፈረስ ለጭነትና ለገበያ መንገድ ሲያገለግል፥ የወንጪ ባላገር ግን በማኅበር ተባብሮ ፈረሱን፥ ታንኳውንና መንገድ መሪነቱን በተራ እያከራየ ገንዘብ ማግኘት ጀመረ። የተራው ሥርዓት ቀላል ነገር ቢመስልም፥ እንግዳውን ከብዙ ሰው ጕተታ የሚያድን፥ አንድ ፈረስ ብቻ ያለውንም ድኻ ብዙ ፈረስ ካለው ጋራ የሚያስተካክል ብልኀት ነው። የፈረሱ ጀርባ መቍሰል አለመቍሰሉን በየቀኑ የሚመረምር ሰው መሾም ግን ለተራው ሥርዓት የሚገባ ተጨማሪ ነው።

በ2012 ዓ.ም. ፍጻሜ ገበታ ለሀገር የተባለው ሥራ ሲታወጅ፥ ወንጪ ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋራ ተመረጠ። በ2014 ዓ.ም. የዓለም የቱሪዝም ድርጅት በ32 አገሮች ከመረጣቸው 44 የቱሪዝም መንደሮች አንዱ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ አዲሱ ማረፊያ ተመረቀ። ከዚህ ወዲህ የስፍራው ስም በሩቅ አገርም ተሰማ።

ሐይቁን የሚያደንቅ ብዙ ነው፤ ከሐይቁ በላይ ያለውን ተዳፋት የሚመረምር ግን ጥቂት ነው። አስታ፥ ኮሶና ጥድ ይበቅልበት ከነበረው አፋፍ ከፊሉ ታርሶ ገብስና ድንች ይዘራበታል። የሐምሌ ዝናም በታረሰ ተዳፋት ላይ ሲወርድ ዐፈሩን ይዞ ቍልቍል ይሄዳል፤ ማሳውን ያራቍታል፥ ውሃውን ያደፈርሳል። ወደ ሐይቅ የወረደ ዐፈር ደግሞ ተመልሶ ወደ ማሳው አይወጣም። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቍጥር 456 ተዳፋትነቱ ከ60 በመቶ የበለጠ መሬት፥ ይኸውም በ100 ሜትር አግድመት ከ60 ሜትር በላይ ከፍ የሚለው፥ ለዛፍ፥ ለቋሚ ተክልና ለመኖ እንጂ ለዕርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል ደንግጎ ነበር። ከ31 እስከ 60 በመቶ በሆነው ላይም እርከን ሳይሠራ የዓመት ሰብል እንዳይዘራ አዝዞ ነበር።

አዋጅ ማንበብ ቀላል ነው። በአፋፉ ላይ ማሳ ያለው ባላገር ግን ጥያቄ አለው፤ ጥያቄውም እውነተኛ ነው። ከእንግዳ ገንዘብ የሚቀበለው ባለ ፈረሱና ባለ ታንኳው ነው፤ ገብሱን ተው የሚባለው ግን እርሱ ነው። ሹሙ ይህን ሳይመለከት በዘበኛ ብቻ ቢያስከለክለው፥ ዘበኛው ዘወር ባለ ጊዜ ያርሰዋል፤ ልጆቹን የሚያበላው ሌላ ነገር ከሌለው ምን ያድርግ?

ስለዚህ የአፋፉ ባላገር ስም አስቀድሞ በፈረሱ ተራ መዝገብ ውስጥ ሊገባ፥ ፈረስ የሌለውም ከእንግዳው ክፍያ ድርሻው ሊታወቅለት ይገባል። ከተዳፋቱ ላይ የሚታጨደው ሣርም ዋጋ አለው፤ ቀኑን ሙሉ ሰው የሚያመላልስ ፈረስ በግጦሽ ብቻ አይጠግብምና ባለ ፈረሱ ሣሩን ይገዛዋል። እንዲህ ሲሆን የእንግዳው ገንዘብ በሣር ዋጋ በኩል ወደ ላይ ይወጣል። በአስታውና በኮሶው መካከል ቀፎ የሰቀለ ሰው ደግሞ ዛፉን የሚቈርጥበትን ሰው ራሱ ይከላከላል።

በታች ባለው ጓሮ ከእንሰት የሚሻል ተክል የለም። ለምግብ እስኪደርስ ብዙ ዓመት ቆሞ ስለሚኖር፥ ቅጠሉ የዝናሙን ኀይል ይሰብራል፥ ሥሩም ዐፈሩን ይይዛል። ብርዱ በበረታበት ከፍታ ግን ዕድገቱ ስለሚዘገይ፥ ለአፋፉ ዛፍና ሣር ይመረጣል።

የፈረሱ መንገድም ራሱን የቻለ ነገር ነው። ቍልቍል ቀጥ ብሎ የተቀደደ መንገድ በኮቴ ከተቦረቦረ በኋላ ክረምት ሲገባ ቦይ ይሆናል፤ በሁለተኛው ዓመትም ፈረስ የማያልፍበት ገደል ይሆናል። መንገዱ እየተጠማዘዘ ሊወርድ፥ በየመጠምዘዣውም ውሃውን ወደ ሣሩ የሚመልስ የድንጋይ ከንፈር ሊደረግለት ያስፈልጋል። ይህ ሥራ ከአጨዳና ከውቂያ በኋላ፥ የባላገሩ እጅ በሚያርፍበት በየካቲትና በመጋቢት ቢደረግ ይሻላል፤ በሰኔ ግን መሬቱ ረጥቦ ድንጋዩ አይረጋም፥ በሬውም ከማሳ ላይ ነው።