የናይሮቢ ልጃገረዶችና የኳስ ሜዳ

የሴት ልጅ ቦታዋ ጓዳ ነው የሚለው አስተሳሰብ በብዙ አገሮች ጸንቶ የኖረ ነው። ታዲያ ልጅቱ ከጓዳ ወጥታ በሕዝብ ፊት ኳስ ብትጫወት ምን ታተርፋለች? በኬንያ ዋና ከተማ በናይሮቢ የተሠራው ሥራ ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሰጣል።

ከናይሮቢ መካከል ወደ ሰሜን ምሥራቅ ማታሬ የሚባል ሠፈር ይገኛል፤ የቆርቆሮና የጭቃ ቤቶች ተጣብበው የቆሙበት የድኾች መኖሪያ ነው። በአውሮጳ አቆጣጠር በ1987 ዓ.ም. ቦብ መንሮ የተባሉ ካናዳዊ፥ የሠፈሩ ልጆች በእጃቸው በሠሩት ኳስ ሲጫወቱ አይተው የማታሬ ወጣቶች እስፖርት ማኅበርን አቋቋሙ። ማኅበሩም፥ መጫወት የሚፈልግ ሠፈሩንም ያጽዳ የሚል ደንብ አወጣ። ጨዋታ ያሸነፈ ቡድን 3 ነጥብ ሲያገኝ፥ የጽዳት ሥራውን የፈጸመ ቡድን ግን 6 ነጥብ ያገኝ ጀመር።

ይሁን እንጂ ሜዳው ለልጃገረዶች የተከፈተው ከ5 ዓመት በኋላ በ1992 ነው። ችግሩ ያለው በኳሱ ሳይሆን በቤት ውስጥ ነበረ። ልጅቱ ውሃ ትቀዳለች፥ ምግብ ታበስላለች፥ ታናናሾቿን ትጠብቃለች፤ ስለዚህ ወንድሟ የሚጫወትበት ሰዓት ለእርስዋ የሥራ ሰዓት ነው። ወላጆችም መሽቶባት በመንገድ ላይ ክፉ እንዳያገኛት ይሠጋሉ። ሥጋቱም ከንቱ አልነበረምና አሠልጣኞች ወላጆችን ቀርቦ ማነጋገርና ማግባባት ግድ ሆነባቸው።

ፖፑሌሽን ካውንስል የተባለው ድርጅት በ2002 ስለ እነዚሁ ልጃገረዶች ጥናት አሳትሟል። በዚያም ከተጫዋቾቹ አንዲቱ፥ ቀድሞ ፈሪ እንደ ነበረች፥ ከሰው ጋር መገናኘትን ከለመደች በኋላ ግን ፍርሃቱ እንደ ተዋት መስክራለች።

ይህ ለውጥ ከየት መጣ ቢባል፥ ኳስ ብቻውን ድፍረት አይሰጥም። በሜዳ ላይ ልጅቱ ባልደረባዋን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትጠራለች፤ ዛሬ ብትሸነፍ በሚመጣው ሳምንት ተመልሳ ትሰለፋለች፤ የዳኛው ፍርድ ለእርስዋም ለሌላይቱም እኩል መሆኑን ታያለች። ከዚህም በላይ ማኅበሩ ለሠፈራቸው በትጋት ያገለገሉትን ወጣቶች ይሸልማል፤ ሽልማቱም የትምህርት ቤት ክፍያ ሆኖ በቀጥታ ለትምህርት ቤታቸው ይገባል። እንግዲህ በራስ መተማመን የሚመጣው ከሙገሳ ሳይሆን፥ አደራ ተቀብሎ ከመወጣት ነው።

ማታሬ ለልጃገረዶች ሜዳ በከፈተበት በዚያው ዓመት በባርሴሎና ኦሊምፒክ የአርሲዋ ደራርቱ ቱሉ በ10,000 ሜትር ሩጫ አሸንፋ፥ ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የመጀመሪያዋ የኦሊምፒክ ወርቅ ባለቤት ሆነች። ሁሉም ልጃገረድ እንደ ደራርቱ ወርቅ አታመጣም፤ ነገር ግን ሳትፈራ ቀና ብላ መናገርን ሁሉም ልትማር ትችላለች።

ኳስ ድኽነትን አያጠፋም፤ የቤቱንም ሥራ አያቃልልም። ሆኖም የሚጠይቀው ወጪ ጥቂት ነው። የከተማ ሹም ሜዳው በግንባታ ከመያዙ በፊት ከልሎ ቢያስጠብቅና ፀሐይ ሳትጠልቅ ያለውን ሰዓት ለልጃገረዶች ቢመድብ፥ ነጋዴውም ኳስና መለያ ልብስ ቢለግስ፥ ወላጅም የቤቱን ሥራ ለወንድ ልጁም ቢያካፍል፥ ማታሬ ያገኘችውን ፍሬ ሌላውም ከተማ ሊያገኝ ይችላል።