ዲቃላ የቲማቲም ዘር፦ ከወረንጦ እስከ ማሳ

ገበሬዎቻችን ስለ ዲቃላ የቲማቲም ዘር ሲያነሡ መጀመሪያ የሚያማርሩት ዋጋውን ነው። ለውድነቱ ትልቁ ምክንያት የሰው እጅ ነው። የቲማቲም ወንዴና ሴቴ በአንድ አበባ ውስጥ ስለሚገኙ ተክሉ ራሱን በራሱ ያዳቅላል። ሁለት ዝርያ ለማዳቀል አበባው ሊፈነዳ አንድ ቀን ገደማ ሲቀረው ወንዴው በወረንጦ ይነቀላል፤ ቀጥሎ ከሌላው ወላጅ የተሰበሰበ የአበባ ዱቄት በሴቴው ጫፍ ላይ ይደረጋል። የተዳቀለው ፍሬ በለቀማ ጊዜ እንዲለይም ከአበባው ሥር ያሉት አረንጓዴ ቅጠሎች ይቆረጣሉ። ይህ ሁሉ በእያንዳንዱ አበባ ላይ ይደገማል። በህንድ ካርናታካ ግዛት፣ በራኔቤኑር አካባቢ፣ በርካታ አነስተኛ ገበሬዎች ለኩባንያዎች ዘር የሚያባዙት እንዲህ ነው። ወንዴው መካን የሆነ ወላጅ መጠቀም ነቀላውን ቢያስቀርም የእጅ ሥራው ግን ዛሬም ሰፊ ነው።

ድካሙ የሚያዋጣው ለምንድን ነው? ብዙዎች ምርታማነትን ያስቀድማሉ፤ የአሜሪካው የዘር ኩባንያ ቡርፒ እ.ኤ.አ. በ1949 ለገበያ ያቀረበው ቢግ ቦይ የተባለ ዲቃላም የታወቀው በፍሬው ትልቅነት ነበር። ለእኔ ግን ትልቁ ጥቅም የሁለት ወላጆችን መልካም ጠባይ በአንድ ተክል ማገናኘቱ ነው። ሪን የተባለውን ጂን እንይ። ከሁለቱም ወላጆች የወረሰው ፍሬ በወጉ አይበስልም፤ ከአንዱ ብቻ የወረሰው ግን ቀስ ብሎ ይበስላል፣ ቶሎም አይበላሽም። በእስራኤል የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ናሁም ኬዳርና ሃይም ራቢኖዊች ለረጅም መንገድ የሚሆኑ ዲቃላዎችን ያወጡት ይህን ይዘው ነው። በሽታ መቋቋምም እንዲሁ ነው፦ ኔማቶድ የተባለውን ሥር አጥቂ ትል የሚከላከለው ኤምአይ ጂን ከፔሩ የዱር ቲማቲም፣ ቅጠል የሚያጨማድደውን ቢጫ ቫይረስ የሚቋቋመው ቲዋይ-1 ደግሞ ከቺሊው የዱር ዘመድ የተገኙ ናቸው። አንዱን ከእናት፣ ሌላውን ከአባት ማምጣት ይቻላል።

ከዲቃላው ፍሬ ዘር ያስቀረ ገበሬ ግን በቀጣዩ ወቅት የተዘበራረቀ ማሳ ይገጥመዋል፤ ስለዚህ እንደገና ይገዛል።

እኛም ገዢዎች ነን። የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣቸው መልካሳልሳና መልካሾላ ገበሬው ዘር የሚያስቀርባቸው ቋሚ ዝርያዎች ናቸው። በስምጥ ሸለቆ የመስኖ ማሳዎች ግን እንደ ጋሊሊያ ያሉ ከውጭ የሚገቡ ዲቃላዎች ተወዳጅ ሆነዋል። ወረንጦ የሚይዝ እጅ ሞልቶናል፤ የሚያንሰን የራሳችን ወላጅ መስመር ነው። ይህን ማዘጋጀት ለበርካታ ትውልድ እያራቡና እየመረጡ ጠባዩን ማጽናት ይጠይቃል። በታይዋን የሚገኘው የዓለም አትክልት ማዕከል ያንኑ ቢጫ ቫይረስ የሚቋቋሙ መስመሮች ለተመራማሪዎች ይሰጣል፤ ከመልካሳ ዝርያዎች ጋር የማዳቀሉ ሥራ ከዚያ ሊጀመር ይችላል።