«ፕሮግራሙን በሙሉ» ሲባል ቅልቅልንም ይጨምራል?

ሰርጉ አማረ፣ መልሱም እሰየው ነበር። የቅልቅሉ ዕለት ግን እንግዳው ሞልቶ፣ ወጡ ወጥቶ... ካሜራማኑ የለም! ሙሽራው እየጦፈ ወደ ስቱዲዮው ይደውላል።

«የት ደረሳችሁ?»

«የት ለመምጣት?»

«ቅልቅል ነዋ! ውላችን እኮ ፕሮግራሙን በሙሉ ይላል።»

«ወንድሜ፣ ፕሮግራም ማለት የሰርጉ ዕለት ነው። ቅልቅል ለብቻው ይከፈልበታል።»

ይህችን ለምሳሌ ያህል አመጣናት እንጂ ሰዎቹ ከምናባችን የወጡ ናቸው። ቢሆንም የቪዲዮ፣ የዲኮር ወይም የአዳራሽ ውል የፈረመ ሁሉ እንዲህ ያለች «በሙሉ» የምትል ቃል ሳታጋጥመው አትቀርም። ታዲያ ነገሩ ፍርድ ቤት ቢደርስ ዳኛው ቃሏን እንዴት ይፈታታል?

ብዙ ሰው ችሎት ፊት ቆሞ «እኔ ያሰብኩት እኮ...» ብሎ ይጀምራል። ዳኛው ግን አስቀድሞ ወረቀቱን ነው የሚያየው። ዛሬም የሚሠራበት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1733 የውሉ ቃል ግልጽ ከሆነ ዳኛው ከዚያ ወጥቶ የተዋዋዮቹን ሐሳብ ልፈልግ እንዳይል ይከለክለዋል። ውሉ «የሰርጉን ዕለት ብቻ» ቢል ኖሮ ሙሽራው አለቀለት። «በቃል ቅልቅሉንም እንቀርጻለን ብለውኝ ነበር፣ አክስቴም ሰምታለች» ቢልም አክስቲቱ ብዙ አትረዳውም። ሰው ፈርሞበት በጽሑፍ ያሰፈረውን ቃል በሰው ምስክር ማፍረስ በመርህ ደረጃ አይፈቀድምና። ሲፈርሙ «ይሄ ፎርማሊቲ ነው፣ አታስቡ» የሚል ነጋዴ ሲያጋጥማችሁ ይህችን አስታውሱ።

«ፕሮግራሙን በሙሉ» ግን ግልጽ አይደለችም። ለአንዱ አንድ ቀን ናት፣ ለሌላው እስከ ቅልቅል ትዘልቃለች። እዚህ ላይ ነው ዳኛው የሁለቱን የጋራ ሐሳብ መፈለግ የሚጀምረው (አንቀጽ 1734)። ከውሉ በፊትም በኋላም ምን አደረጉ? ስቱዲዮው ከፊርማው በኋላ «ለቅልቅሉ በስንት ሰዓት እንምጣ?» ብሎ ጠይቆ ከነበረ ራሱን አሰረ ማለት ነው። ሙሽራው በበኩሉ «ለቅልቅሉ ስንት ልጨምር?» ብሎ ከነበረ እሱም እንዲሁ! ደግሞ የውሉ አንቀጾች አንዱ በሌላው ይፈታሉ፤ ታች ወርዶ «ካሜራማን ለ1 ቀን» የሚል ቢገኝ ላይ ያለችው «በሙሉ» ትጠባለች። የሙያው ልማድና ቅን ልቦናም ይታያሉ።

ይህም ሁሉ ተደርጎ ጥርጣሬው ባይጠራስ? አንቀጽ 1738 መላ አለው። ግዴታው ያለበት፣ ማለትም ቀራጩ፣ የጥርጣሬው ተጠቃሚ ይሆናል። አይ ሙሽራው፣ አከተመለት! ትሉ ይሆናል። ቆይ ቆይ... ስቱዲዮው ውሉን ለሁሉም ደንበኛ የሚሆን አድርጎ አሳትሞ ያስቀመጠና «እዚህ ጋ ፈርም» ያለ ከሆነ፣ ያው አንቀጽ ቃሉ በአዘጋጁ ላይ እንዲተረጎም ያዛል። ያላብራራ ራሱ ይክፈል እንደማለት ነው። ለኛ ለወጣቶች፣ ታትሞ የቀረበልንን ሁሉ ሳናነብ ለምንፈርመው፣ ከዚህ የሚበልጥ ውለታ የለም። ግን ለአሻሚ ቃል ብቻ ነው የሚሠራው፤ ግልጽ ሆኖ የታተመ ክፉ ቃልን አያድንም።

በነገራችን ላይ ቀብድንም አትናቁ። ሌላ ስምምነት ከሌለ ሰጪው ውሉን ሲያፈርስ ቀብዱን ያጣል፣ ተቀባዩ ሲያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። «ቀን ተደርቦብን ነው፣ ቀብድህን ውሰድ» የሚሉ ሰዎች ይህችን እጥፍ የሚባል ነገር ሲሰሙ ፊታቸው ይለዋወጣል።

ሙሽራው ቢረታስ ምን ያገኛል? ገንዘብ። ያች ሌሊት፣ የአያትየው ጭፈራ፣ የእናትየው ምርቃት ግን ተመልሶ አይቀረጽም። ስለዚህ ቀብድ ከመቁጠራችሁ በፊት መልስና ቅልቅል ይገባሉ ወይስ አይገቡም፣ በስንት ቀን፣ በስንት ካሜራ፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት የሚለውን በታተመው ወረቀት ጎን በእስክሪብቶም ቢሆን ጻፉና ሁለታችሁም ፈርሙበት።